ከእናቴ ጋር ሳልኮራረፍ በር መዝጋት እንዴት ይቻላል?

የጀሞዋ · ማክሰኞ ማታ 4፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

29 ዓመቴ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእማዬ፣ ከአክስቴና ከታናሽ እህቴ ጋር እኖራለሁ። ቤቱ ባለ ሁለት መኝታ ነው። እማዬ በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡት ናት። ዕጣው ሲደርሳት ሃያ በመቶ ቅድመ ክፍያውን ለመክፈል የአንገቷን ወርቅ ሸጣለች። ከዚያ በፊት ሁላችንም አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበርን። ይሄን የምነግራችሁ ቤቱ ለሷ ምን ማለት እንደሆነ እንዲገባችሁ ነው።

አንዱ ክፍል የእማዬና የአክስቴ፣ ሌላው የኔና የእህቴ ነው። እህቴ የማታ ተማሪ ስለሆነች እስከ 3 ሰዓት ክፍሉ ባዶ ነው። ማለቴ፣ ባዶ መሆን ነበረበት።

ሥራዬ ደንበኛ የሚስተናገድበት መስኮት ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ይሰለፋል፣ ሰው ይቆጣል፣ እኔ ፈገግ እላለሁ። ከዚያ የታክሲ ሰልፍ። ቤት ስደርስ 1፡30 ይሆናል። በዚያ ሰዓት የምፈልገው ጫማዬን አውልቄ፣ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ አንድ ሰዓት ምንም ሳልናገር ጣሪያውን ማየት ነው። ስልክ እንኳን አልነካም።

ባለፈው ሐሙስ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ኳ ኳ። «ሻይ ላምጣልሽ?» አይ እማዬ። ትንሽ ቆየች። ኳ ኳ። «አሞሻል እንዴ?» ኧረ ደህና ነኝ። ቀጥሎ አክስቴ፦ «ሰው ክፉ ተናገረሽ?» ማንም አልተናገረኝም። መጨረሻ ላይ እማዬ ሳታንኳኳ በሩን ገርበብ አደረገችና ጭንቅላቷን ብቻ አስገብታ «መብራት ላብራልሽ?» አለችኝ።

«ኧረ ልቀቁኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ይኸው ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ። እማዬ ታናግረኛለች፣ ግን እንደ ተከራይ። «እራት ቀርቧል።» «ቁልፍ ይዘሻል?» ቡና ሲፈላ አትጠራኝም። ትናንት ለጎረቤታችን «ልጄ ዘግታኛለች» ስትላት ሰማሁ። እኔ የዘጋሁት በሩን ነው! እሷን መቼ ዘጋሁ?

መከራየት እንዳትሉኝ። አቅሙም የለኝም፣ ደግሞ ከነሱ መራቅ አልፈልግም። የምፈልገው ቀን ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። እንዴት ብዬ ልንገራት?

---

ሰሚት_72 · ማክሰኞ ማታ 4፡31

እህቴ፣ መፍትሔው መታጠቢያ ቤት ነው። በኛ ቤት ከውስጥ የሚቆለፈው በር እሱ ብቻ ነው። እኔ ማታ ማታ ባልዲውን ገልብጬ እቀመጥበታለሁ። ኳስ አያለሁ፣ አነባለሁ፣ አንዳንዴ ዝም ብዬ ሰድሩን እቆጥራለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ችግሩ አንድ ነው። እናቴ ሆዴን የሚያመኝ መስሏት ጠዋት ጠዋት ተልባ ታጠጣኛለች። እውነቱን እንዳልነግራት ደግሞ ያንቺን ስድስት ቀን አየሁ።

---

ግልጹን_ተናጋሪ · ማክሰኞ ማታ 5፡02

እኔ አልደብቅሽም። ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው። ሻይ ላምጣልሽ የሚልሽ ሰው በር ላይ ቆሞ አንቺ ጣሪያ ታያለሽ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። እኔ እናቴን ከቀበርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ቤቴ ጭር ብሏል። የሚያንኳኳ ሰው የለም። የፈለግሽውን ያህል ጣሪያ ልሽጥልሽ።

---

የጀሞዋ · ማክሰኞ ማታ 5፡15

ነፍስ ይማር ወንድሜ። የምትለው ይገባኛል፣ ስጮህባትም ያ ነው ያሳፈረኝ። ግን አንድ ነገር ላስረዳህ። ያቺን አንድ ሰዓት ሳላገኝ ስቀር ሳሎን እቀመጣለሁ። አካሌ አለ፣ እኔ የለሁም። «እህ» «እሺ» እያልኩ እመልሳለሁ፣ ምን እንደተወራ አላውቅም። አንድ ሰዓት አርፌ ስወጣ ግን አጠገቧ ቁጭ ብዬ እስቃለሁ። ለሷም የሚሻላት የቱ ነው?

---

ዴራ_ነኝ · ረቡዕ ጠዋት 2፡20

ከዱባይ ነው። ቤድ ስፔስ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የማታውቁ፦ ክፍል ሳይሆን አልጋ ነው የምትከራዩት። እኛ በአንድ ክፍል ስምንት ሴቶች ነን፣ ተደራራቢ አልጋ። እያንዳንዱ አልጋ መጋረጃ አለው። መጋረጃው ከተዘጋ ማንም አያናግርሽም። የተጻፈ ሕግ የለም፣ ግን ስምንታችንም እናከብረዋለን፤ ነገ ተራው የራስሽ ነዋ።

እና ታምኛለሽ? ከስምንት ሰው ጋር ተግባብቼ ያቃተኝ ከእናቴ ጋር ነው፣ ያውም በስልክ። በኢንተርኔት ትደውላለች። ሥራ ላይ፣ ሌሊት፣ ሻወር ላይ። ካላነሳሁ ለእህቴ፣ እህቴ ለአጎቴ፣ አጎቴ ለኔ። በግማሽ ሰዓት ዘመድ ሁሉ «ምን ሆና ነው» ይላል።

የሠራልኝን ልንገርሽ። «አትደውይ» አላልኳትም። «እማ፣ በእረፍት ቀኔ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እኔ እደውላለሁ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እናወራለን፣ ቡናሽን አፍልተሽ ጠብቂኝ» አልኳት። በየመሃሉ ደግሞ «ደህና አደርኩ» የሚል ድምፅ እልካለሁ፣ አስር ሰከንድ። መጀመሪያ አላመነችኝም፣ ሦስት ሳምንት ስትፈትነኝ ቆየች። አንድም ቀን አላረፈድኩም። አሁን ሌላ ሰው በዚያ ሰዓት ቢመጣባት «ልጄ ልትደውል ነው» ብላ ታሰናብታለች አሉ።

ቃልሽን አንድ ቀን ካጠፍሽ ግን አለቀልሽ፣ ወደ ዜሮ ነው የምትመለሺው።

---

የአሌክሳንድሪያ_ቤዝመንት · ረቡዕ ጠዋት 5፡45

እኔ ደግሞ የማይሠራውን ልንገራችሁ።

ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ ወንድም ጋሼ ቤት ቤዝመንት ውስጥ። በዲቪ ስመጣ ተቀብሎ ያኖረኝ እሱ ነው። ሌሊት ስለምሠራ ቀን እተኛለሁ። ልጆቹ ግን አጎታቸውን ስለሚወዱ እየተንደረደሩ ወርደው ሆዴ ላይ ይዘላሉ። ሁለት ወር ታገስኩ። ከዚያ ለማንም ሳልናገር ሱቅ ሄጄ የበር መቆለፊያ ገዛሁ።

ገና ሳልገጥመው የወንድሜ ሚስት ጠረጴዛ ላይ አየችው። ምንም አላለችኝም። ማታ ለወንድሜ «ቤታችን ውስጥ ሌባ አለ ማለት ነው?» አለችው። ያ የ12 ዶላር ዕቃ ያመጣብኝን መዘዝ አልነግራችሁም።

በኋላ ነገሩን ያረገበው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ይዤ ፓርክ መሄድ ጀመርኩ፣ ሁለት ሰዓት። እሷ በዚያ ሰዓት ትተኛለች። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ራሷ ደረጃው አናት ላይ ቆማ ልጆቹን «አጎቴ ተኝቷል፣ እንዳትወርዱ!» ስትል ሰማኋት። እኔ ምንም ሳልጠይቅ።

መቆለፊያው እስካሁን መሳቢያ ውስጥ አለ።

---

አንቀጽ_በአንቀጽ · ረቡዕ ቀን 7፡30

ለጨዋታ ያህል፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 «የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብት» ይላል። እኔ የሕግ ተማሪ ሳለሁ ይሄንኑ ለአባቴ ጠቀስኩለት፣ ፖስታዬን ከፍቶ ስላነበበ። አባዬ አዳምጦኝ ሲያበቃ «የዚህን ወር የትምህርት ቤት ክፍያ ከአንቀጽ 26 ተቀበል» አለኝ።

ቁም ነገሩን ልበል። «ፕራይቬሲ» የምትለዋን ቃል እናትሽ ፊት እንዳታነሺ። «ግላዊነት»ም የመጽሐፍ ቃል ናት። በቤት ቋንቋ ያለን «ልቀቁኝ»፣ «ተዉኝ»፣ «አትነዝንዙኝ» ነው። ሁሉም የጠብ ቃል ነው፣ ሁሉም ሰሚውን ጥፋተኛ ያደርጋል። እኔ ቤት የሠራው «ትንሽ ልረፍና እመጣለሁ» ነው። ጉልበቱ ያለው «ልረፍ» ላይ አይደለም፣ «እመጣለሁ» ላይ ነው።

---

አራስ_ቤት · ረቡዕ ማታ 2፡05

ያንቺስ እናትሽ ናት። የኔ አማቴ ናት 😅

ሴት ልጅ ወልጄ ነው። አማቴ ከደብረ ማርቆስ ሊያርሱኝ መጡ። እግዜር ይስጣቸው፣ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ቅቤው፣ ምን ያላደረጉልኝ አለ! ክርስትና በ80 ቀን ስለሆነ እስከዚያ ነበሩ። ግን በቀን ሃያ ሰው ይገባል። «ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ ይቀመጣል፣ ይበላል። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ማጥባት አይሆንልኝም፣ ጡቴ ቆስሎ አለቅሳለሁ። አማቴ «አይዞሽ፣ ሁሉም ሴት ነው» እያሉ ነጠላዬን ይገልጡልኛል።

ለባሌ ነገርኩት። እሱም ሄዶ «እሷ ሰው በዛብኝ ትላለች» አላቸው። ወይኔ! አማቴ ሻንጣቸውን ሊያሰናዱ ተነሱ።

ስለዚህ ባለትዳሮች፣ እያንዳንዱ የራሱን እናት ያናግር፣ ያውም በራሱ ስም። «ሚስቴ እንዲህ አለች» ካለ አበቃ። በኋላ እንደገና አስተካክሎ «እማዬ፣ እኔ ነኝ የጨነቀኝ፣ ሐኪሟም ትተኛ ብላለች፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንግዳ አንቺ ብትይዢልኝ» አላቸው። ልብ በሉ፣ «ሰው በዛ» ሳይሆን «አንቺ ብትይዢልኝ» ነው ያላቸው። ከዚያ በኋላ አማቴ የቤቱ ዘበኛ ሆኑ። የሰፈሩን ሴት ሁሉ በር ላይ እየመለሱ «ልጄ ተኝታለች» ይላሉ።

---

የሦስት_ልጆች_እናት · ረቡዕ ማታ 3፡40

ልጆቼ፣ እኔ 61 ዓመቴ ነው። እዚህ የምገባው ስለ ስኳር በሽታ የሚጻፈውን ለማንበብ ነው፣ ዛሬ ይሄን አይቼ ማለፍ አቃተኝ።

እኔ ያደግኩት መንዝ ነው። ክፍል የሚባል አልነበረም። መደብ ነው ያለው፣ ሁሉም እዚያው ይተኛል። በር በቀን የሚዘጋው ወይ ሰው ሳይኖር ነው፣ ወይ ሰው ሲታመም ነው፣ ወይ ጠብ ሲኖር ነው። ሌላ ምክንያት አላውቅም። ልጄ ክፍሏን ስትዘጋ መጀመሪያ የማስበው «ምን ብዬ አስቀየምኳት» ነው። ቀጥሎ «አሟት ይሆን» እላለሁ። «ብቻዬን ልሁን ብላ ነው» የሚለው አራተኛም አይመጣልኝ። እናትሽ ሻይ ይዛ የምትመጣው ሻይ ልትሰጥሽ አይደለም ልጄ። ፊትሽን ልታይ ነው።

ግን ይሄን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ራሴን ታዘብኩ። እኔም ለካ ብቻዬን የምሆንበት ሰዓት አለኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነሳለሁ። ነጠላዬን ተከናንቤ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ፣ ዳዊት እደግማለሁ። እስክጨርስ ማንም አያናግረኝም። ባለቤቴ ካልሲው ቢጠፋበት በእጄ ነው የማሳየው። ልጅ ቢያለቅስ በዓይኔ ነው ትልቋን የማዛት። አርባ ዓመት እንዲህ ኖሬያለሁ። በአርባ ዓመት ማንም «ዘጋችን» ብሎኝ አያውቅም።

ለምን? ሰዓቱን ያውቁታል። ነጠላዬን ሲያዩ ያውቁታል። ሲያልቅ ደግሞ «እንደምን አደራችሁ» እላለሁ።

አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ሰዓት ይኑረው፣ ምልክት ይኑረው፣ ስትወጪ ደግሞ ሰላም በያት። ከሁሉ በፊት ግን ስትገቢ ፊትሽን አሳያት። ቀጥታ ወደ ክፍል አትግቢ። አምስት ደቂቃ ተቀመጪ፣ ሻዩን ጠጪላት። ከጮህሽባት ደግሞ መጀመሪያ ይቅርታ፣ ከዚያ ሌላው።

---

ነጃት_ደሴ · ረቡዕ ማታ 3፡58

እትዬ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎ። በኛም ቤት እንዲሁ ነው። እናቴ ሶላት ላይ ስትሆን ፊት ለፊቷ እንኳን አይታለፍም። ሰላም ብላ እስክትጨርስ ስልክ ቢጮህ ማንም አያቀብላትም። እኔ ግን መጽሐፍ ይዤ ስቀመጥ በየደቂቃው «ነጃት፣ ነጃት!» እስካሁን አላገናኘሁትም ነበር።

---

ግልጹን_ተናጋሪ · ረቡዕ ማታ 4፡20

እትዬ፣ እርስዎን አልከራከርም። ግን ጸሎት ጸሎት ነው፣ ጣሪያ ማየት ጣሪያ ማየት ነው። አንድ አይደለም።

---

የሦስት_ልጆች_እናት · ረቡዕ ማታ 4፡33

ልክ ነህ ልጄ፣ አንድ አይደለም። ግን እኔም አንዳንድ ቀን ዳዊቱን ይዤ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። እግዜር ያውቀዋል። አንተም እሁድ እሁድ አንድ ሰው ቤት ቡና ጠጣ፣ ብቻህን አትሁን።

---

የጀሞዋ · ሐሙስ ማታ 5፡00 (ከሳምንት በኋላ)

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል፣ ይኸው።

ቅዳሜ ከሰዓት ቡናውን እኔ አፈላሁ። እማዬ መጀመሪያ «ሥራ አለኝ» ብላ ማድ ቤት ቆየች። ስቆላ ሽታው ሳይጠራት አልቀረም፣ መጥታ ተቀመጠች። አቦሉን ዝም ብለን ጠጣን። አክስቴ ብቻ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታወራለች። ቶናውን ስቀዳ «እማዬ፣ ያን ዕለት ስለጮህኩ ይቅርታ» አልኩ። ሲኒውን በሁለት ጣቷ እያዞረች «እኔ ምን አልኩሽ?» አለች። አየችኝ ማለት አይቻልም፣ ሲኒውን ነው የምታየው።

«አንቺ ሌሊት ስትደግሚ አናናግርሽም አይደል?» አልኳት። «እህ?» አለች። «ተቀይመሽን ነው እንዴ?» «ምን ነካሽ፣ ጸሎት ላይ ነኛ!» «እኔም ከሥራ ስመጣ አንድ ሰዓት አፌ እንዲያርፍ እፈልጋለሁ። ቀኑን ሙሉ ስናገር ነው የምውለው። ገብቼ ሻይ አብሬሽ እጠጣለሁ፣ ከዚያ 2፡45 ላይ እወጣለሁ።»

ብዙ ነገር ትላለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «እራቱ ይቀዘቅዛላ?»

«ይቀዝቅዝ።»

«ታዲያ የምታሞቂው አንቺ ነሽ።»

በቃ፣ ይሄው ነው። አክስቴ ግን ቀላል አልሆነችም። «ጸሎት ሳይሆን እንቅልፍ እኮ ነው» እያለች እስከ በረካው ድረስ አሾፈችብኝ።

ከሰኞ ጀምሮ ስገባ ሻርፔን በሩ እጀታ ላይ አንጠለጥላለሁ። ሰኞ ማንም አላንኳኳም። ማክሰኞ 2፡20 ላይ በሩ ሥር የእማዬን ጫማ ጥላ አየሁ። ቆመች፣ ቆመች፣ ሄደች። ሳቄን በትራስ አፈንኩት። ረቡዕ አልቻለችም፣ አንኳኳችና «አላንኳኳሁም፣ የስኳር ጣሳው የት እንዳለ ብቻ ንገሪኝ» አለችኝ። ጣሳው ሁልጊዜም ያለው እሷ የምታስቀምጠው ቦታ ነው። ዝም ብዬ ነገርኳት። ዛሬ ደግሞ 2፡40 ላይ ራሴ ወጣሁ፣ አምስት ደቂቃ ቀደም ብዬ። ደስ አላት፣ ግን አላስነቃችም።

አሁን እህቴ «የኔስ ሰዓት መቼ ነው?» ብላ ተነስታለች። ለሱ ሌላ ርዕስ እከፍታለሁ።

---

ሰሚት_72 · ሐሙስ ማታ 5፡12

እንኳን ደስ አለሽ! እኔም ትናንት ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት። «ሆዴን አሞኝ አይደለም፣ ብቻዬን ለመሆን ነው» አልኳት። ሳቀችብኝ፣ ለጎረቤትም ነገረች። ከዛሬ ጀምሮ በረንዳው ላይ ወንበር አስቀምጣልኛለች።

ተልባውን ግን አላቆመችም። እትዬ፣ ምን ብዬ ልንገራት?

---

የሦስት_ልጆች_እናት · ሐሙስ ማታ 5፡30

ተልባ ጥሩ ነው ልጄ። ጠጣ።